ከ1990ዎቹ የሮክ ባንዶች ማን ይበልጣል?

አንባቢ ሆይ! ሁለት የሙዚቃ ወዳጆች ሻይ ይዘው በተቀመጡበት ጊዜ አንደኛው «ከ1990ዎቹ የሮክ ባንዶች ሁሉ ታላቁ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል እንጂ ክርክሩ አይበርድም። አንዱ ኒርቫና ይላል፤ ሁለተኛው ፐርል ጃም ይላል፤ በጎረቤት ጠረጴዛ ያለው ሦስተኛ ሰው ደግሞ ሳይጠየቅ «ኦኤሲስን የት ጣላችሁት?» ብሎ ይገባበታል። ከዚህ በኋላ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው።

እርስዎም ተማሪ ቢሆኑ በማደሪያዎ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ቢሆኑ በምሳ ሰዓት ይህን የመሰለ ክርክር ሳያጋጥምዎ አልቀረም። ክርክሩ ዕልባት የሚያጣው ተከራካሪዎቹ ሙዚቃ ስለማያውቁ አይደለም። አንዱ በሽያጭ ሲመዝን ሌላው በዝና፣ ሦስተኛው ደግሞ በዘፋኙ አሟሟት ስለሚመዝን ነው። ነገሩ በክንድ ከተለካ ሸማና በኪሎ ከተመዘነ ቡና የትኛው ይበልጣል ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። ስለዚህ ሚዛኖቹን እንፈትሽና ፍርዴን እሰጣለሁ፤ እርስዎም የራስዎን ይሰጣሉ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በመጀመሪያ ሽያጭን እንመልከት። እስከ 1991 ድረስ በአሜሪካ አገር የአልበም ሽያጭ ደረጃ የሚወጣው አብዛኛውን በግምት ነበር። ቢልቦርድ የተባለው መጽሔት በየሳምንቱ ለሸክላ ቤቶች ስልክ እየደወለ ምን እንደተሸጠ ይጠይቃል፤ ሻጩም እንደመሰለው፣ አንዳንድ ጊዜም እንደወደደው ይመልሳል። በ1991 በሜይ ወር ይህ አሠራር ቀረና፣ ሳውንድስካን በተባለ ድርጅት አማካይነት እያንዳንዱ አልበም በገንዘብ ተቀባዩ ፊት ሲያልፍ በባርኮድ ይቆጠር ጀመር። የመዝገብ ቤት ሥራ የሚያውቁ አንባቢዎቻችን የዚህ ለውጥ ትርጉም ሳይነገራቸው ይገባቸዋል። አቆጣጠሩ ሲለወጥ ደረጃውም ተለወጠ፤ ካንትሪ፣ ራፕና ለጆሮ የሚከብደው ሮክ ቀድሞ ይገመት ከነበረው ይበልጥ እንደሚሸጡ ታየ። እንግዲህ የምንከራከርበት ዘመን የተጀመረው ቆጠራው እውነተኛ በሆነበት ዓመት ነው።

በዚህ ቆጠራ ብቻ የምንፈርድ ከሆነ ነገሩ ወዲያው ያልቃል። በ1991 በኦገስት ወር ሜታሊካ ያወጣው፣ ሽፋኑ ጥቁር የሆነው አልበም፣ ሳውንድስካን መቁጠር ከጀመረ ወዲህ በአሜሪካ ከ16 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ ሌሎቹን ሁሉ ቀድሟል። ዳሩ ግን ለተከራካሪዎቹ ይህን ይንገሯቸውና ፊታቸውን ይመልከቱ! «ሜታሊካማ የ1980ዎቹ ባንድ ነው» ብለው አይቀበሉም። ባንዱ የተቋቋመው በ1981 ስለሆነ ሐሳባቸው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ነገር ግን ሽያጭን ሚዛን ያደረጉት እነርሱ ራሳቸው እንደነበሩ ይረሱታል።

በእንግሊዝ አገር የሆነውም ይህንኑ ያስረዳል። ኦገስት 14 ቀን 1995 የማንቸስተሩ ኦኤሲስና የለንደኑ ብለር በአንድ ቀን አንድ አንድ ዘፈን አወጡ። ጋዜጣውና ቴሌቪዥኑ ነገሩን የሰሜንና የደቡብ፣ የሠራተኛና የመካከለኛ መደብ ፍልሚያ አስመሰለው። በሳምንቱ መጨረሻ ብለር 274 ሺህ፣ ኦኤሲስ 216 ሺህ ሸጠው ብለር አሸነፈ። (በእኔ ጆሮ ሁለቱም ዘፈኖች ከባንዶቹ ደካማ ሥራዎች የሚቆጠሩ ናቸው።) ነገር ግን በዚያው ዓመት በኦክቶበር ኦኤሲስ ሁለተኛ አልበሙን ሲያወጣ የሳምንቱ ድል ተረሳ። በ1996 በኦገስት ወር ኔብዎርዝ በተባለው ስፍራ በሁለት ሌሊት ሩብ ሚሊዮን ሕዝብ ተሰበሰበ፤ ቲኬት የጠየቀው ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ ነበር። እንግዲህ የሳምንት ቆጠራ ለነጋዴ ይጠቅም ይሆናል፤ ለፍርድ ግን አይበቃም። ኦኤሲስም ቢሆን በ2009 ፓሪስ ላይ በወንድማማቾቹ በኖኤልና በሊያም ጋላገር ጠብ ተበትኖ እስከ 2025 ድረስ ሳይገናኝ ቆየ። ሁለት ወንድማማቾች መታረቅ ሲያቅታቸው የሚፈርስ ባንድ ታላቅ ዘፈን ሊኖረው ይችላል፤ ታላቅ ባንድ መሆኑ ግን ያጠራጥራል። ይህን አባባሌን ይያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ኒርቫና እንምጣ። ከርት ኮቤይንና ክሪስት ኖቮሴሊች ባንዱን ያቋቋሙት በ1987 በዋሽንግተን ግዛት፣ አበርዲን በምትባል በእንጨት ሥራ በምትተዳደር ከተማ ነበር። በ1989 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው የተቀረጸው በ606 ዶላር ነው። ድራም መቺው ዴቭ ግሮል በ1990 ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ሴፕቴምበር 24 ቀን ኔቨርማይንድ የተባለው አልበም ሲወጣ፣ አሳታሚው ኩባንያ በመጀመሪያ ለአሜሪካ ገበያ ያሰራጨው 46 ሺህ ያህል ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ ይሄዳል ብሎ አልጠበቀማ! ነገር ግን አራት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ በ1992 በጃንዋሪ፣ ይኸው አልበም የማይክል ጃክሰንን አልበም ከአንደኛው ደረጃ አውርዶ በቦታው ተቀመጠ።

ምስጢሩ ምን ነበር? ዘፈናቸው በዝቅተኛ ድምፅ፣ በሹክሹክታ ያህል ይጀምርና ድንገት እንደ ክረምት ጎርፍ ይወርዳል፤ ደግሞ ይሰክናል፤ ደግሞ ይወርዳል። ይህን አካሄድ ፒክሲስ ከተባለው የቦስተን ባንድ እንደተማረው ኮቤይን ራሱ ሳያፍር ተናግሯል። ፈጠራው የራሱ ባይሆንም፣ በውስጡ ያኖረው የዜማ ጣዕም ግን የራሱ ነበር። በዚያ ላይ ጸጉራቸውን አስውበው፣ የሚያብረቀርቅ ሱሪ ለብሰው ከሚታዩት የቀድሞ ባንዶች በኋላ፣ ያረጀ ሹራብ የለበሰ ልጅ መድረክ ላይ ሲወጣ ወጣቱ ሁሉ «ይህ እኔ ነኝ» አለ። ከዚህ በኋላ የሸክላ ኩባንያዎች ተወካዮቻቸውን ወደ ሲያትል ላኩ፤ በዚያች ከተማ ጊታር የያዘ ሁሉ ውል ፈራሚ የሆነ መሰለ። በር ከፋች ማነው ከተባለ፣ ያለ ክርክር ኒርቫና ነው።

ኤፕሪል 5 ቀን 1994 ኮቤይን በሲያትል ቤቱ ራሱን ገደለ። ዕድሜው 27 ዓመት ነበር፤ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ሴት ልጅ ነበረችው።

አንባቢ ሆይ፣ ክርክራችን የሚታመመው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ወጣቶች የዚህን ሰው ሞት ከሥራዎቹ እንደ አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል፤ በሃያ ሰባት ዓመቱ ባይሞት ኖሮ ያን ያህል ታላቅ አይሆንም ነበር የሚሉም አሉ። ይህ ሐሳብ ስሕተት ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው። ኮቤይን በሆድ ሕመምና በሄሮይን የተሠቃየ፣ ርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ነበር። የዚያችን ከተማ ዘፋኞች ይቁጠሯቸው፤ የማዘር ላቭ ቦን ዘፋኝ አንድሩ ውድ በ1990 በሄሮይን ሞተ፤ የአሊስ ኢን ቼይንስ ዘፋኝ ሌይን ስቴሊ ልክ ኮቤይን በሞተበት ቀን፣ ኤፕሪል 5፣ በ2002 ሞተ፤ የሳውንድጋርደኑ ክሪስ ኮርኔል በ2017 ሞተ። ከእነዚህ ሞቶች አንድ ዘፈን የጨመረ የትኛው ነው? ኒርቫና በ1993 በኖቬምበር ኒው ዮርክ ውስጥ ለቴሌቪዥን ያቀረበውን፣ ሻማና አበባ በተደረደረበት መድረክ በቼሎ ታጅቦ የተጫወተውን ያዳመጠ ሰው፣ ኮቤይን ገና ወደ ሌላ መንገድ ይሄድ እንደነበረ ይረዳል። ያ መንገድ ተቋረጠ። ስለዚህ ኒርቫናን የምንመዝን ከሆነ በስቱዲዮ በሠራቸው ሦስት አልበሞች እንመዝነው፤ መቃብሩን ከሚዛኑ ላይ እናውርደው።

እነሆ አሁን ወደ ፍርዴ ደረስኩ። የጠየቅነው ስለ ታላቅ ዘፋኝ ወይም ስለ ታላቅ አልበም አይደለም፤ ስለ ታላቅ ባንድ ነው። ባንድ ማለት ብዙ ሰዎች አብረው የሚሠሩት፣ አንዱ ሲደክም ሌላው የሚይዘው፣ ከአድማጩም ጋር የሚተሳሰርበት ወግ ያለው ነገር ነው። በዚህ ሚዛን እኔ የምመርጠው ፐርል ጃምን ነው።

ታሪኩን ከሥሩ ልንገርዎ። አንድሩ ውድ በ1990 ሲሞት ባንዱ ፈረሰ። ሁለቱ ጓደኞቹ፣ ጊታር ተጫዋቹ ስቶን ጎሳርድና ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጄፍ አሜንት ግን ሥራ አልተዉም፤ ያለ ቃል የተቀረጹ ዜማዎች በካሴት አድርገው ዘፋኝ ፍለጋ ላኩ። ካሴቱ በወዳጅ በኩል ከሲያትል እጅግ ርቆ በሳን ዲዬጎ የሚኖር፣ ሌሊት በነዳጅ ማደያ የሚሠራ ኤዲ ቬደር የተባለ ወጣት እጅ ገባ። እርሱም ዜማዎቹን ካዳመጠ በኋላ በባሕር ሞገድ ላይ ሲንሸራተት ቃላቱ መጡለት፤ ቤቱ ገብቶ ድምፁን ቀርጾ ካሴቱን በፖስታ መለሰው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወደ ሲያትል ተጠራ። ቴን የተባለው የመጀመሪያ አልበማቸው ኦገስት 27 ቀን 1991 ወጣ፤ ዜማው አብዛኛው የጎሳርድና የአሜንት፣ ቃሉ የቬደር ነው። ሁለተኛው አልበም በ1993 በወጣ በአምስት ቀን ውስጥ 950 ሺህ ያህል ተሸጠ፤ እስከዚያ ቀን ይህን ያህል የሸጠ አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ሌላ ባንድ ቢሆን የቲኬቱን ዋጋ ይጨምር ነበር። እነርሱ ተቃራኒውን አደረጉ። አድማጫቸው ተማሪና ደመወዙ ትንሽ የሆነ ወጣት መሆኑን ስለሚያውቁ፣ ቲኬቱ ከ18 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ የሻጩም ኮሚሽን ከ1 ዶላር ከ80 ሳንቲም እንዳይበልጥ ጠየቁ። ቲኬትማስተር የተባለው ኩባንያ ግን ከብዙ ታላላቅ አዳራሾች ጋር ብቸኛ ሻጭነት ተዋውሎ ስለነበረ እምቢ አለ። ባንዱ በ1994 ለአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር አቤቱታ አቀረበ፤ ጁን 30 ቀን ጎሳርድና አሜንት በኮንግሬስ ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ። የዚያን በጋ የኮንሰርት ጉዞም ሰረዙ።

ውጤቱ ምን ሆነ? ተሸነፉ። በ1995 በጁላይ ሚኒስቴሩ ምርመራውን ያለ አንዳች እርምጃ ዘጋው። በዚያው በጋ ያለ ቲኬትማስተር ኮንሰርት ለማሳየት ቢሞክሩ ከከተማ የራቁ ሜዳዎችን ለመፈለግ ተገደዱ፤ ብዙውም ተሰናከለ። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ወደ 50 ሺህ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቬደር በምግብ መመረዝ ታሞ ከሰባት ዘፈን በኋላ ከመድረክ ወረደ፤ አንጋፋው ኒል ያንግ ገብቶ ፕሮግራሙን አስቀጠለ። በ1996 ያወጡት አልበም የመጀመሪያ ሳምንት ሽያጭ የዚያን የ1993ቱን ግማሽ እንኳ አልደረሰም። በ1998 ወደ ቲኬትማስተር ተመለሱ።

«ይህ ስለ ጠባይ ነው እንጂ ስለ ሙዚቃ አይደለም» ይሉኝ ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። ነገር ግን ኮንሰርትም የባንድ ሥራ ነው፤ ፐርል ጃም የሚያቀርባቸውን ዘፈኖች በየሌሊቱ ይለዋውጣል፤ በ2000 ያደረገውን ጉዞ ደግሞ ከነስሕተቱ በ72 አልበሞች አሳትሞ ለአድማጭ ሸጧል። በዚያው ጉዞ ላይ ታላቅ ሐዘን ደርሶበታል። በዴንማርክ፣ ሮስኪልድ በተባለው ስፍራ ሕዝቡ ወደ መድረኩ ሲጋፋ ዘጠኝ ወጣቶች ተረግጠውና ታፍነው ሞቱ። ቀኑ ጁን 30 ነበር፤ ኮንግሬስ ፊት ከቀረቡ ልክ ስድስት ዓመት። ባንዱ ሥራውን ሊያቆም ቃጥቶት ነበር፤ ሆኖም ቀጠለ። በ2024 አሥራ ሁለተኛ አልበሙን አውጥቷል።

ፍርዴን ሊያናውጥ የሚችል አንድ ባንድ ብቻ አለ፤ እርሱም ሬዲዮሄድ ነው። አምስቱም ከኦክስፎርድ አጠገብ፣ አቢንግደን ከምትባል ከተማ በአንድ ተማሪ ቤት የተገናኙ ናቸው፤ ከ1985 ጀምሮ አንድም ሰው አልተለወጠባቸውም። በ1997 ያወጡት ኦኬ ኮምፒዩተር፣ ሰውና መሣሪያ ተቀላቅለው ሰው ብቸኛ የሚሆንበትን ዘመን አስቀድሞ ያየ ሥራ ነው። ጥያቄው ስለ አልበም ብቻ ቢሆን ዘውዱን ለእነርሱ በሰጠሁ። ነገር ግን የታላቅነታቸው እኩሌታ የሚገኘው ከ2000 ወዲህ በሠሩት ስለሆነ፣ ለሚቀጥለው ዘመን ክርክር አቆያቸዋለሁ።

ስለ ቲኬቱ የቀረ ነገር አለ። ቲኬትማስተር በ2010 ላይቭ ኔሽን ከተባለው ታላቅ የኮንሰርት አዘጋጅ ጋር ተዋሐደ። በ2024 በሜይ ወር የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ሁለቱን በአንድነት በገበያ ጠቅላይነት ከሰሳቸው፤ ጎሳርድና አሜንት ቃላቸውን ከሰጡ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ያህል ሲቀረው ማለት ነው።

እርስዎ ግን የኒርቫና ወዳጅ ከሆኑ በእኔ ቃል ብቻ አይታለፉ። ቴንና ኔቨርማይንድ የወጡት በ28 ቀን ልዩነት ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ሁለቱንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድ ዘፈን ሳይዘሉ ያዳምጧቸውና የደረሱበትን ጽፈው ይላኩልን። የኦኤሲስ ወዳጅ ከሆኑም ይጻፉ፤ ደብዳቤውን ከሁለት ገጽ ባያስበልጡት እናመሰግናለን።