ካርቶኑ የማይነግረን፦ ሁለት ስልኮች በጣና ዳር

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የምትሄድ ጀልባ ላይ ነን። ቀኑ ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ሐይቁም ብርሃኑን መልሶ ወደ ላይ ይረጨዋል። የእህቴ ልጅ ፎቶ ሊያነሳ አዲሱን ስልኩን አወጣ። ስክሪኑ ላይ ግን የሚታየው ሐይቁ ሳይሆን የራሱ ፊት ነበር። ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገ፣ በመዳፉ ጋረደ፣ አልሆነም። «ጋሼ፣ ሱቅ ውስጥ እኮ እንዲህ አልነበረም» አለኝ።

እውነቱን ነው። ሱቅ ውስጥ ፀሐይ የለም። ሞባይል ቤት ስንገባ «ስንት ሜጋ ነው? ስንት ጊጋ ነው?» ብለን እንጠይቃለን፤ ስልኩ የት እና ለምን እንደሚሠራልን ግን አንጠይቅም። ለአብዛኛው ሰው ስልክ የወራት ቁጠባ የሚወጣበት ዕቃ ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች ምን ማለት እንደሆኑ ማወቅ ይገባናል።

ለንጽጽር ሁለት ተፎካካሪዎችን እንውሰድ፦ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ15 (የ4ጂውን) እና ቴክኖ ስፓርክ 20 ፕሮ። ሁለቱም በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ የወጡ ናቸው።

አንጎላቸው አንድ ነው

የሁለቱም ፕሮሰሰር ሚዲያቴክ ሄሊዮ ጂ99 ነው። በ6 ናኖሜትር ቴክኖሎጂ የተሠራ ሲሆን ስምንት ኮሮች አሉት፤ ሁለቱ ፈጣኖች ከባዱን ሥራ ሲይዙ፣ ስድስቱ ባትሪ ቆጣቢዎች ቀላሉን ይሠራሉ። ቴሌብር ለመክፈትም ሆነ ቪዲዮ ለማየት በፍጥነት በኩል ጎልቶ የሚታይ ልዩነት የላቸውም። ይህ ለእኛ መልካም አጋጣሚ ነው፤ አንጎሉ አንድ ከሆነ የቀረው ልዩነት ሁሉ አምራቾቹ ገንዘባቸውን የት እንዳዋሉት ያሳያል።

ስለ ራም ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ስፓርኩ «16 ጊጋ» ተብሎ ሲሸጥ እውነተኛው ራም 8 ነው፤ ሌላው 8 ከማከማቻው የተበደረ ነው። ራም ምድጃው አጠገብ እንደተቀመጠ ዱቄት ነው፤ እጅ ሲዘረጋ ይገኛል። ማከማቻ ደግሞ ጎተራ ነው፤ ብዙ ይይዛል፣ ሄዶ ማምጣቱ ግን ጊዜ ይፈጃል። ከጎተራው ጥግ ላይ «ይህ የምድጃ ዱቄት ነው» ብሎ መጻፍ ዱቄቱን ወደ ምድጃው አያቀርበውም። ኤ15ም ይህንኑ ብልሃት ስለሚጠቀም የሚነጻጸረው እውነተኛው ራም ነው።

ስክሪን ከፀሐይ ጋር ሲታገል

የስፓርኩ ስክሪን 6.78 ኢንች ኤልሲዲ ነው፤ ከኋላው ሁልጊዜ የሚበራ መብራት አለው። የኤ15 ደግሞ 6.5 ኢንች አሞሌድ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱን ችሎ ይበራል፣ ራሱን ችሎ ይጠፋል። ማታ ቤት ውስጥ የአሞሌድ ጥቁር እውነተኛ ጥቁር የሚሆነው ለዚህ ነው። «ዳርክ ሞድ» ሲበራ ባትሪ የሚቆጥበውም በአሞሌድ ነው፤ በኤልሲዲ የኋላው መብራት ስለማይጠፋ የሚተርፍ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

በቀትር ፀሐይ ግን ነገሩ ይለወጣል። መስታወት ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ ከ1,780 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለው ጣና ፀሐይ ያ 4 በመቶ ብዙ ነው። የተንጸባረቀው ብርሃን የአሞሌዱን ጥቁር ይሸፍነዋል፤ የሚያድነው የስክሪኑ የራሱ ጉልበት ብቻ ነው። ኤ15 ውጭ ሲሆን እስከ 800 ኒትስ (የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው) ይደርሳል፤ ስፓርኩ እዚያ አይደርስም። ስፓርኩ የሚበልጠው በቅልጥፍና ነው፤ በሴኮንድ 120 ጊዜ ምስል ሲያድስ ኤ15 90 ጊዜ ያድሳል። ያ ግን ዓይን ስክሪኑን ማየት ሲችል የሚመጣ ጥቅም ነው።

ካሜራ በዑራ ኪዳነ ምሕረት

ዘጌ ደርሰን ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገባን። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ ነው፤ ብርሃኑ ግን በበሮቹ ከሚገባው አይበልጥም። የሜጋፒክስል ወሬ የሚፈተነው እዚህ ነው።

ስፓርኩ 108 ሜጋፒክስል፣ ኤ15 50 ሜጋፒክስል አላቸው። ዝናብ ሲዘንብ ደጅ ላይ ሲኒ ደርድረን ውኃ እንሰብስብ እንበል። የተሰበሰበውን ውኃ የሚወስነው የሲኒው ብዛት ሳይሆን የተደረደሩበት ስፋት ነው፤ በአንድ ደጅ ላይ ሲኒ ባበዛን ቁጥር እያንዳንዱ ይጠባል። ስለዚህ ስልኮቹ ትንንሾቹን ነጥቦች መልሰው ያዋህዷቸዋል፦ ስፓርኩ ዘጠኙን አንድ፣ ኤ15 አራቱን አንድ ያደርጋሉ። 108 ለ9 ሲካፈል 12፣ 50 ለ4 ሲካፈል 12.5 ነው። በዘወትር አጠቃቀም ከሁለቱም የሚወጣው ፎቶ መጠኑ ከሞላ ጎደል እኩል ነው ማለት ነው።

የሚለያቸው ሌላ ነገር አለ። ክቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥዕሉን ለማየት የምንቆምበት ቦታ ጠባብ ነው፤ ወደ ኋላ መራቅ አይቻልም። ኤ15 ሰፊ የሚያሳይ ተጨማሪ ሌንስ አለው፤ 5 ሜጋፒክስል ብቻ ቢሆንም ግድግዳውን በአንድ ፎቶ ያስገባል። ስፓርኩ ይህ ሌንስ የለውም። የፊት ካሜራው ግን 32 ሜጋፒክስል ነው፤ የኤ15 13 ነው።

ስለ ፊት ካነሳን፣ ቴክኖን የሚያመርተው ትራንሽን በ2011 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ መገጣጠሚያ የከፈተ የቻይና ኩባንያ ነው፤ ካሜራውን ለአፍሪካውያን የቆዳ ቀለም በማስተካከልም ይታወቃል። ይህ ተራ ማስታወቂያ አይደለም። ካሜራ በራሱ ብርሃን ሲመጥን የምስሉን አማካይ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይስበዋል። ነጭ ነጠላ የለበሰች እናት ስትነሳ የነጠላው ንጣት ካሜራውን ያታልለዋል፤ ብርሃኑን ሲቀንስ ፊቷ ይጠቁራል። በየትኛውም ስልክ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከማንሳታችን በፊት ስክሪኑ ላይ ፊቷን በጣት መንካት። ያን ጊዜ ካሜራው በነጠላው ፈንታ በፊቷ ይመጥናል።

መብራት፣ ውኃ እና ዕድሜ

የሁለቱም ባትሪ 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው፤ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት ይይዛል። ስፓርኩ በ33 ዋት፣ ኤ15 በ25 ዋት ይሞላሉ። በሒሳብ ብቻ ቢሆን ስፓርኩ በ35 ደቂቃ ይሞላ ነበር፤ በተግባር ግን ይዘገያል። ባትሪ እንደ ታክሲ ነው፤ ባዶ ሳለ ተሳፋሪው ፈጥኖ ይቀመጣል፣ ሊሞላ ሲል ግን ቦታ መፈለግ ይመጣል። ስልኩም ባትሪው እንዳይጎዳ መጨረሻ ላይ ኃይሉን ይቀንሳል። መብራት ለአጭር ጊዜ መጥቶ በሚሄድበት ሰፈር ለሚኖር ሰው የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ደቂቃዎች ወሳኝ ናቸው፤ እዚያ ላይ ስፓርኩ ይቀድማል።

በውኃም ስፓርኩ የተሻለ ነው። አይፒ53 የሚባል ደረጃ አለው፤ 5 ለአቧራ፣ 3 ከላይ ለሚረጭ ውኃ ነው። ኤ15 እንዲህ ያለ ደረጃ የለውም። የጀልባ ላይ የውኃ ፍንጣቂን ስፓርኩ ይችላል፤ ሐይቁ ውስጥ ከወደቁ ግን ሁለቱም አይድኑም።

የቀረው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የማይጻፈው ነው። ሳምሰንግ ለኤ15 የአራት አንድሮይድ ማሻሻያና የአምስት ዓመት የደኅንነት ጥገና ቃል ገብቷል፤ ለስፓርኩ ይህን የሚያህል ቃል አልተገባም። ዛሬ ገንዘባችን ስልካችን ውስጥ ነው። በሶፍትዌሩ ላይ የተገኘ ቀዳዳ ካልተደፈነ ሌባ ስልኩን ሳይነካ ይገባል። ጥገናው የሚቀርብበት ዓመት የስልኩ እውነተኛ ዕድሜ ነው።

ፍርዴ ይኸው ነው፦ ፀሐይ ላይ የሚሠራ፣ ገንዘቡን በስልክ የሚያንቀሳቅስና አንዱን ስልክ ለዓመታት የሚይዝ ሰው ኤ15ን ይግዛ። መብራት የሚያስቸግረው፣ ሰፊ ስክሪን የሚፈልግና የፊት ፎቶ የሚወድ ስፓርኩን ይውሰድ። የትኛውንም ስትመርጡ ግን ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ስልኩን ይዛችሁ ከሱቁ ደጃፍ ውጡና በቀትር ፀሐይ ስክሪኑን ተመልከቱ።