ፈንግልን ለመከላከል የማኅበሩ ጥሪ ያስፈልጋል

ማታ ደህና ሆነው ቆጥ ላይ የሰፈሩ ዶሮዎች ጠዋት ከቆጡ ሥር ተዘርረው ይገኛሉ። የተረፉትም ይፈዛሉ፤ አረንጓዴ ኩስ ይጥላሉ፤ ሲቆዩም ክንፋቸውና እግራቸው ይሰንፋል፣ አንገታቸው ይጠመዘዛል። ይህን ያየ ገበሬ ሐኪም ሳይጠብቅ «ፈንግል ገባ» ይላል፤ ብዙውን ጊዜም አይሳሳትም። ፈንግል ሆድንና ነርቭን አንድ ላይ የሚመታ የቫይረስ በሽታ ነው። በሌላው ዓለም ኒውካስል የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1926 በታየባት የእንግሊዝ ከተማ ስም ነው።

በሽታው መድኃኒት የለውም። ፌጦም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ለሰው የተዘጋጀው የቴትራሳይክሊን እንክብልም ቢሆን ቫይረሱን አይገድልም።

ሥርጭቱን የሚያባብሰው ግን የእኛው ልማድ ነው። የጎረቤት ዶሮ ማለቁ ሲሰማ «ሳይሞትብኝ ልሽጠው» ብሎ ወደ ገበያ መሮጥ የተለመደ ነው። የጨውና የደብተር መግዣዋ ከዶሮዋ የሚገኝ የቤት እመቤት እንዲህ ብታደርግ አይፈረድባትም። ሆኖም ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ2 እስከ 15 ቀን ሊወስድ ስለሚችል፣ ደህና መስላ የተሸጠችው ዶሮ የሌላውን ቀበሌ ዶሮ ትፈጃለች። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1973 የደረሰውም ይኸው ነው። ከውጭ አገር ለቤት ጌጥ ከመጡ በቀቀኖች ጋር የገባው በሽታ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጉ ወፎችና ዶሮዎች እንዲወገዱ አድርጓል። ስለዚህ ከገበያ የተገዛች ዶሮ ከሌሎቹ ሳትቀላቀል 2 ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። የሞተችውም ለውሻ ሳትጣል ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ትቀበር።

መከላከያው ክትባት ነው። ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ከሚዘጋጁት መካከል ሙቀትን ሻል አድርጎ የሚችለው ለገጠር ይስማማል። አሰጣጡም ቀላል ነው፤ ለጫጩትም ለአውራም በአንድ ዓይን አንድ ጠብታ ይበቃል።

እዚህ ላይ ነው የማኅበሩ መሪዎች ሥራ የሚመጣው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች ተመጥኖ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከተበጠበጠ በኋላ ለሌላ ጊዜ አይቀመጥም። አምስት ስድስት ዶሮ ያላት እመቤት ብቻዋን ብታስመጣው አብዛኛው ይደፋል፤ በዚህም የተነሣ ብዙ ቤት ሳያስከትብ ይቀራል። ስለሆነም መሪዎቹ በየጎጡ ዶሮ አስቆጥረው፣ ከእንስሳት ጤና ባለሙያው ጋር ቀን ቆርጠው፣ ሁሉም ቤት በዚያው ቀን ዶሮዎቹን ከቆጥ ሳያወርድ እንዲጠብቅ ሊያስነግሩ ይገባል። በተለይ ሴቶቹ በቀጥታ መጠራት አለባቸው፤ ወንዱ ብቻ በሚሰበሰብበት ቦታ የተነገረ የዶሮ ጉዳይ ቤት ሳይደርስ ይቀራልና። የሚያንጠባጥበውም ሰው ሲጨርስ እጁን ይታጠብ፤ ቫይረሱ የሰው ዓይን ሊያቀላ ይችላል።

ክትባቱ ጉልበት የሚያገኘው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ነው፤ የታመመችውን አያድንም። ቢዘገይ በየ4 ወሩ መደገም አለበት። ክረምቱ በሰኔ በሚገባባቸው ቦታዎች ቆጠራው በሚያዝያ ተጠናቆ ክትባቱ በግንቦት መጀመሪያ ቢሰጥ ዝናቡን ይቀድማል።