ዘጋቢ ፊልም በአነስተኛ ካፒታል፦ ገንዘብ የሚበላው ካሜራው አይደለም

እንደ ጥርባ ያለች የአዊ ዞን ከተማ ስትለወጥ በፊልም ለማስቀረት የሚነሳ ሰው አስቀድሞ የሚያጠያይቀው የካሜራ ዋጋ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ወጪውን የሚያንረው የመኪና ኪራይ፣ አልጋና የውሎ አበል ሆኖ ይገኛል። ከአዲስ አበባ ተጭኖ የሚሄድ ቡድን ብዙ አውጥቶ የአንድ ሳምንት ገበያ ቀርጾ ይመለሳል።

ለውጡ ደግሞ የሳምንት ጉዳይ አይደለም። በዞኑ በርካታ ገበሬ የእህል ማሳውን ዲከረንስ ተክሎበታል። ዛፉ ለከሰል የሚደርሰው ከአራት እስከ አምስት ዓመት ሲሆን፣ ከሰሉ እስከ አዲስ አበባ ይሸጣል። በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ ዛፉን ጎድቷል። የከሰሉ ገበያ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚመጣ ቀራጭ የደራውን ጊዜ በምንም ዋጋ አያገኘውም።

ጊዜ ወስዶ መቅረጽ በአገራችን የታየ አሠራር ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው «ታውን ኦፍ ራነርስ» የበቆጂን ወጣት ሯጮች ለዓመታት ተከታትሏል። ስለ ሐረር ጫት የሚያወሳው «ፋያ ዳዪ» በ2013 ዓ.ም. እስኪታይ አሥር ዓመት ገደማ የፈጀ ሲሆን፣ ዳይሬክተሯ ጄሲካ በሽር ካሜራውንም የያዘችው ራሷ ነበረች።

ስለዚህ አዋጪው መንገድ እዚያው የሚኖር አንድ ቀራጭ፣ አንድ ካሜራና ደህና ማይክሮፎን ነው። ቀራጩ በየገበያው ቀን አንድ ከሰል አክሳይና አንድ ደላላ፣ ፈቃዳቸውን አግኝቶ፣ ይከታተላል። የተቀረጸው በሁለት ቦታ ይቀመጣል። ገንዘብ የሚያወጣውም ክፍያውን በአንዴ ሳይሆን ሥራው እየታየ በየዓመቱ ቢለቅ ኪሳራው ይቀንሳል፤ ትርፉን ግን ዛፉ ከሚደርስበት ጊዜ አስቀድሞ ባይጠብቅ ይሻላል።