የእንጦጦ ዳገትና የሚያንጠባጥብ ፓምፕ

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚሄድ አሮጌ ላዳ አቅሙ የሚፈተነው እንጦጦ ዳገት ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግፊት ይዞ የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርገዋል። መካኒኮች «ሲል» የሚሉት የውኃ ፓምፑ ማሸጊያ ካፈሰሰ ግን ውኃውም ግፊቱም ይሄዳል።

ምልክቱ አያሳስትም። ፓምፑ ሆድ ሥር አንዲት ጠባብ ቀዳዳ አለች፤ ማሸጊያው ሲያልቅ ውኃው ወደ ኩሽኔታው እንዳይገባ በእሷ በኩል ይንጠባጠባል። ቀዳዳዋን በማስቲሽ የሚደፍን አይጠፋም! ያኔ ኩሽኔታው ይዝጋል፣ ፓምፑ መጮኽ ይጀምራል፣ ዘንጉም ይወላገዳል።

ለጥገናው፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ውኃው ይወርዳል፤ ዲናሞውንና ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ ይወጣል፤ ፓምፑ ይፈታል። ማሸጊያውን ብቻ መቀየር ይቻላል። ነገር ግን ውኃ የሚገፋውን ክንፍ ከዘንጉ መንቀል መጭመቂያ ይጠይቃል፣ ኩሽኔታውም አብሮ አርጅቷል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሙሉ ፓምፕ መግዛቱ ያዋጣል። የድሮው ጓርኒሲዮን ርዝራዥ በደንብ ካልተፋቀ አዲሱም ያፈሳል።

አሮጌዋ ቮልስስ? ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ይህ ጣጣ የለባትም። ዳገቱን ግን እሷም የምትወጣው እያቃሰተች ነው።