ዳባት፦ የሞትን ምክንያት ቤት ለቤት የሚጠይቅ ማዕከል

ከጎንደር በደባርቅ አድርጎ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ሳንቃ በር የሚወጣ መንገደኛ ዳባትን በመኪና መስኮት አይቷት ያልፋል፤ ልቡ ያለው ጭላዳውና ገደሉ ላይ ነው። በጤና ተመራማሪዎች ዘንድ ግን ዳባት ስሟ ታዋቂ ነው። የያኔው የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. በተመረጡ የወረዳው ቀበሌዎች የሚኖረውን ሕዝብ ቤት ለቤት ቆጥሮ መዘገበ። ከዚያ ወዲህ መረጃ ሰብሳቢዎች እየተመላለሱ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ ለቆ የሄደውንና አዲስ የገባውን ይጽፋሉ።

ሆስፒታል የሚያውቀው ደጁ የደረሰውን በሽተኛ ነው። በገጠር ግን ብዙው ሰው የሚሞተው ሐኪም ሳያየው እቤቱ ነው። ስለዚህ ሞት ሲመዘገብ የሐዘኑ ጊዜ እስኪያልፍ ይጠበቅና ጠያቂ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አስከሬን አይነካም፣ መቃብርም አይከፈትም። አስታማሚዎቹ ሕመሙ እንዴት እንደጀመረ፣ ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ ምን ምልክት እንደነበረው ይነግሩታል። የተሞላውን ቅጽ ሐኪሞች ለየብቻቸው አንብበው የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ።

በአደጋ ወይም በወሊድ የሞተ ሰው ጉዳይ ብዙ አያከራክርም። ችግሩ ሥር የሰደደ ሕመም ላይ ነው፤ ምክንያቱም የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ መዘዙ ነው፣ ቤተሰብም የሚያስታውሰው መዘዙን ነው። ስኳር ሕመምን እንውሰድ። ኢንሱሊን ያጣ ወጣት ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ራሱን ይስታል፤ ቤተሰቡ ወባ ነው ይላል፣ አንዳንዴም ጤና ባለሙያው ራሱ ታይፎይድ ነው ይላል። እግሩ የደነዘዘ አዛውንት ምድጃ ዳር ተቃጥሎ ሳይሰማው ይቀራል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ «በእግር ቁስል ሞተ» ይባላል። ኩላሊትም እንዲሁ።

ጠያቂው ታዲያ «ስኳር አለበት ተብሎ ያውቃል?» ይላል። ይህን ጥያቄ የሚያሽመደምደው በጎንደር ከተማና በዳባት ገጠር ዕድሜያቸው 35 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ነው። ስኳር የተገኘባቸው በከተማ 5.1 በመቶ፣ በገጠር 2.1 በመቶ ነበሩ። ከገጠሮቹ ከአምስቱ አራቱ ግን ከዚያ በፊት ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። የማያውቅ ሰው ቤተሰብ «የለበትም» ብሎ ቢመልስ አይፈረድበትም። በእኔ እይታ የዳባት ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ ሙታንን መጠየቅ የሚጠቅመው በሕይወት ያሉትን መመርመር ሲታከልበት ነው።

የገጠሩ ስኳር የከተማውን አይመስልም። በጎንደር ዙሪያ የሚታዩት ብዙዎቹ በሽተኞች ወጣት፣ ቀጭንና ድሃ ገበሬዎች ናቸው። የጎንደር ሐኪሞች ከእንግሊዝ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ከረሃብ ጋር የተያያዘው ስኳር እንደገና እንዲጠና ጠይቀው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት ከዝርዝሩ ያወጣው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ደግሞ በ2025 እ.ኤ.አ. «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ እውቅና ሰጠው። ለገበሬው አደጋው በሁለት በኩል ነው፦ ኢንሱሊኑ ሲያልቅ ስኳሩ ይወጣል፣ ምግብ ሲጠፋ ደግሞ ኢንሱሊኑ ያንኑ ስኳር ከልክ በታች ያወርደዋል።

ቤታችሁ ውስጥ ውሃ የማይጠግብ፣ ሌሊት ደጋግሞ የሚሸና፣ እየበላ የሚከሳ ሰው ካለ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ጣቱን አስወግታችሁ ስኳሩን አስለኩት። ኢንሱሊን የጀመረ ሰው ደግሞ ስላስመለሰው ወይም ጠበል ስለገባ ብቻ መርፌውን አያቋርጥ።