ሲቪን ከሰው አስቀድሞ የሚያነበው ሶፍትዌር

መቀመጫቸውን በአዲስ አበባ ያደረጉ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የሚያወጧቸው የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎች በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለረዥም ጊዜ ያገለገሉ በርካታ ባለሙያዎችን እንደሚስቡ ይታወቃል። ቀደም ሲል አመልካቹ ማስረጃውን በፖስታ አሽጎ ለመዝገብ ቤት ያስረክብ ነበር። ዛሬ ግን ማመልከቻው በአብዛኛው በኢንተርኔት የሚቀርብ ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሴክሬታሪያትም ኢንስፒራ በተሰኘው ሥርዓት አማካይነት ይቀበላል። በብዙ ቀጣሪዎች ዘንድ ሲቪውን በቅድሚያ የሚያነበው የአመልካቾችን መረጃ የሚመዘግብና የሚያጣራ ሶፍትዌር ነው።

ሶፍትዌሩ ስምን፣ ትምህርትን፣ የሥራ መደብንና የአገልግሎት ዘመንን ከጽሑፉ እየለየ በየቦታው ያስቀምጣል። የቅጥር ባለሙያው ደግሞ በማስታወቂያው የሰፈሩትን ቃላት ይዞ ከዚያ መዝገብ ውስጥ ይፈልጋል። በመሆኑም አመልካቹ ብቃት ሳያንሰው መረጃው በአግባቡ ስላልተነበበለት ብቻ ሊወድቅ ይችላል።

በአገራችን አመልካቾች ላይ በተለይ ጉዳት የሚያስከትለው የዘመን አቆጣጠር መደባለቅ ነው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ተመርቆ በመስከረም 2011 ዓ.ም. የተቀጠረ ባለሙያ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ሁለት ወር ያህል ብቻ ነው። ይሁንና የምረቃውን ዓመት ከዲፕሎማው ላይ 2010 ብሎ ቢገለብጥ፣ የቅጥሩን ደግሞ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር 2018 ብሎ ቢጽፍ፣ ሶፍትዌሩ ስምንት ዓመት ያለ ሥራ የቆየ ሰው አድርጎ ይመዘግበዋል። ተገላቢጦሹ ደግሞ ይብሳል፤ ከመመረቁ ሰባት ዓመት አስቀድሞ የተቀጠረ ያስመስለዋል። ሁለቱም ዓመታት እውነት ናቸው፤ መዝገቡ ግን ሐሰት ይሆናል።

ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩልና አክሰንቸር የተባለው አማካሪ ድርጅት በጋራ ያወጡት ጥናት፣ ከተጠየቁት ቀጣሪዎች ግማሽ ያህሉ መካከለኛ ክህሎት ለሚጠይቁ ሥራዎች ከስድስት ወር በላይ የሥራ ክፍተት ያለባቸውን አመልካቾች እንደሚያጣሩ አመልክቷል። ስለሆነም ዓመታቱ ሁሉ ከነወራቸው ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ተለውጠው ሊጻፉ ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሥራ መደብ መጠሪያ ነው። "ከፍተኛ ባለሙያ" ወይም "ኦፊሰር ሦስት" የሚለው መጠሪያ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ደረጃን ያመለክታል፤ ለውጭ ቀጣሪ ግን የሥራውን ዓይነት አይነግረውም። ማስታወቂያው የግዥና የውል አስተዳደር ልምድ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ይህንኑ ሥራ በእርግጥ ያከናወነ አመልካች ከመደቡ መጠሪያ ቀጥሎ በማስታወቂያው ቃላት ሊገልጸው ይገባል። ኢፍሚስን የመሳሰሉ፣ በፋይናንስ ክፍሎች ዘንድ ማብራሪያ የማያሻቸው አሕጽሮተ ቃላትም ከነሙሉ ስማቸው መጻፍ አለባቸው።

ማስታወቂያውን እንዳለ መገልበጥ፣ ወይም አንዳንዶች እንደሚያደርጉት ቃላትን በነጭ ቀለም ደብቆ መጻፍ ግን ፋይሉ በሰው እጅ በተከፈተ ጊዜ የሚያስተዛዝብ ነው።

የጽሑፉ አቀማመጥም ትኩረት ይሻል። ማኅተም ያረፈበት የልምድ ማስረጃ በስካነር ሲነሳ ምስል ስለሚሆን፣ ብዙ ሶፍትዌሮች ሊያነቡት አይችሉም፤ ስለዚህ በአባሪነት እንጂ በሲቪ ምትክ አይቀርብም። ሠንጠረዥና ጎን ለጎን የተከፈለ ዓምድ የመስመሮችን ቅደም ተከተል ሊያዛቡ ይችላሉ። ከዩኒኮድ ውጭ በሆኑ የቀድሞ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ አማርኛም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ ይገኛል።

ሲቪው ከመላኩ በፊት ችግሩን ያለ ወጪ ማወቅ ይቻላል። ጽሑፉን በሙሉ ገልብጦ ኖትፓድ ላይ መለጠፍ ነው። በዚያ ላይ የተዘበራረቀ ወይም የጠፋ መስመር ካለ፣ ቀጣሪው ዘንድም እንዲሁ ሊደርስ ይችላል። ስምን በሚመለከት ደግሞ "የቤተሰብ ስም" በሚለው ቦታ ምን እንደሚሞላ ብዙዎች ይቸገራሉ፤ በፓስፖርቱ ላይ የሰፈረውን አጻጻፍ በሁሉም ማመልከቻዎች ላይ ሳይለውጡ መጠቀም ይመረጣል።