በሆድ ላይ የሚለጠፍ ከረጢት አያያዝና የሽታ መከላከያ በጅቡቲ ከተማ

አንዳንድ ሰው በአንጀት መጠማዘዝ፣ በካንሰር፣ በአደጋ ወይም አብሮት በተወለደ ጉድለት ምክንያት የሰገራው መንገድ ይዘጋበታል። በዚህ ጊዜ ሐኪሞች ነፍሱን ለማዳን የአንጀቱን ጫፍ በሆዱ ቆዳ ላይ ያወጡለታል፤ ሰገራውም በዚያ በኩል እየወጣ በቆዳው ላይ በተለጠፈ ከረጢት ይጠራቀማል። ይህ ለአንዳንዱ የጥቂት ወራት ነገር ሲሆን ለሌላው የዕድሜ ልክ ነው። በኢትዮጵያ የአንጀት መጠማዘዝ ትልቁን አንጀት ከሚዘጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ በመሆኑ፣ ቀዶ ሕክምናው በሆስፒታሎች ዘንድ እንግዳ አይደለም።

ነገር ግን ከሞት የተረፈው ሰው ብዙ ጊዜ በሌላ ፍርሃት ይያዛል፤ ይኸውም ሽታ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ፣ ከገበያና ከሥራ፣ ከሠርግና ከልቅሶ ይቀራል። እውነቱ ግን፣ በደንብ የተለጠፈ ከረጢት ተዘግቶ እስካለ ድረስ ሽታ አያወጣም። ሽታ የሚሰማው ከረጢቱ በሚደፋበት ጊዜ፣ ወይም መለጠፊያው ለቅቆ በሚያፈስስበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሽታ የሕመምተኛው ዕጣ ሳይሆን፣ መስተካከል ያለበት ነገር መኖሩን የሚያስታውቅ ምልክት ነው።

የዛሬው ዓይነት ከረጢት የታሰበውም በዚሁ ፍርሃት ምክንያት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. ኤሊሰ ሶረንሰን የምትባል የዴንማርክ ነርስ፣ ይኸው ቀዶ ሕክምና የተደረገላት እኅቷ ቶራ መፍሰሱን ፈርታ ከሰው መካከል መውጣትን እንደ ተወች አይታ፣ በቆዳ ላይ የሚለጠፍና ከተጠቀሙበት በኋላ የሚጣል የፕላስቲክ ከረጢት አሰበች።

በጅቡቲ ከተማ የሚኖር ሰው ከደጋ ነዋሪ ይልቅ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በበጋ ወራት ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስም ይነፍሳል። ላብ መለጠፊያውን ከሥሩ ያላቅቀዋል፤ ሰገራው በዚያ ሾልኮ ቆዳውን ያቆስላል፤ የቆሰለ ቆዳም እርጥብ ስለሚሆን ቀጥሎ የሚለጠፈውን አይዝም። በሌላ አገር ከ3 እስከ 4 ቀን የሚቆየው መለጠፊያ በዚህ ሙቀት ቀደም ብሎ ቢለወጥ የሚያስደንቅ አይደለም። ቆዳው ሲያሳክክ ወይም ሲያቃጥል፣ ቀኑ አልደረሰም ሳይሉ ወዲያውኑ መለወጥ ይገባል።

ከረጢቱ ሢሶው ወይም እኩሌታው ሲሞላ መደፋት አለበት፤ ከዚያ በላይ ሲሞላ ክብደቱ መለጠፊያውን ይጎትተዋል። ከደፉ በኋላ የከረጢቱን አፍ በወረቀት አጥርቶ መጥረግ ይገባል፤ በዚያ የሚቀር ጥቂት እድፍ ብቻውን ለሽታ ይበቃልና። አየር ለማስወጣት ብሎ ከረጢቱን በመርፌ መብሳት ፈጽሞ አይገባም። አስፕሪን በከረጢቱ ውስጥ መጨመርም አንጀቱን ሊያቆስል ስለሚችል ክልክል ነው። ለዚሁ የተሠራ የሽታ ማጥፊያ ጠብታ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ይጠቅማል።

መለጠፊያውን ለመለወጥ የሚሻለው ጊዜ ጠዋት ከቁርስ በፊት ነው። ቆዳው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ ቅባትና ቅባት ያለው ሳሙና መለጠፊያውን ስለሚከለክሉ ይቅሩ። ቀዳዳው ከአንጀቱ አፍ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ ሰፍቶ ይቆረጥ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እስከ 8 ሳምንት ድረስ የአንጀቱ አፍ እየቀነሰ ስለሚሄድ ደጋግሞ መለካት ያሻል። ከለጠፉ በኋላ መዳፍን ለአንድ ደቂቃ ያህል ጭኖ ማሞቅ ማጣበቂያውን ያጠነክረዋል። በፕላስቲኩና በሰውነት መካከል ስስ የጥጥ ጨርቅ ቢደረግ ላቡን ይመጥጣል።

ዓሣ፣ እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጎመን ሽታን ያበዛሉ፤ እርጎ ግን ለብዙ ሰው ያቀልለታል። ይህ ማለት ዓሣ ይከልከል ማለት አይደለም፤ ሰው የሚስማማውን በራሱ ፈትኖ ይወቅ። ጫት ሆድን ያደርቃልና፣ ከሰዓት በኋላ ለረጅም ጊዜ ለመቀመጥ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ከረጢቱን ይድፋ፤ ውሃም አብዝቶ ይጠጣ።

ትርፍ ከረጢቶች ፀሐይ በማይነካው ቀዝቀዝ ያለ ስፍራ ይቀመጡ፤ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ማጣበቂያ ይበላሻል። ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝም ቀዳዳው አስቀድሞ የተቆረጠለትን ከረጢት በእጁ ይያዝ። ያገለገለውን በፌስታል ጠቅልሎ በቆሻሻ ዕቃ መጣል እንጂ በመጸዳጃ ጉድጓድ መወርወር ቧንቧን ይዘጋል።

ቀጭኑ አንጀት የወጣለት ሰው በሙቀት ጊዜ ውሃና ጨው በብዛት ስለሚያጣ፣ ሐኪሙ ያዘዘለትን የጨውና የስኳር ውሕድ ይጠጣ። የአንጀቱ አፍ ጤናማ ሲሆን ቀይና እርጥብ ነው፤ ሲታጠብ ጥቂት ደም ቢያሳይ አያስፈራም። ቢጠቁር፣ ደሙ ባይቆም፣ ወይም ምንም ሳይወጣ ቁርጠትና ትውኪያ ቢመጣ ግን፣ ሳይዘገይ ወደ ፔልቲዬ ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወዳለው ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ሕመምተኛው የድርሻውን ቢፈጽም የቀረው የሌሎች ሥራ ነው። ይህ ሰው የሚለምነው ርኅራኄን ሳይሆን መቀርቀሪያ ያለው መጸዳጃ፣ ውሃና ክዳን ያለው የቆሻሻ ዕቃ ነው። ይህንም በገበያ፣ በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ያዘጋጀ ሹም፣ በቤቱ ተሸሽጎ የነበረውን ሰው ወደ ሥራውና ወደ ወገኑ ይመልሰዋል።